መብራቱ የደከመ መስሎኝ

የምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ? ያ የማይለቅሽ ጉንፋንስ ተወሽ? በደንብ ትበያለሽ? እኛ ደህና ነን። እኔ ብቻ ድክም ብሎኛል። በስልክ እንዳልነግርሽ አፌ እየተያዘ ስላስቸገረኝ ጻፍኩልሽ።

አደራ ብለሽኝ የሄድሽው የዓሣ ገንዳ ክረምቱን ሙሉ እየጨለመብኝ መጣ። ውስጡ የተከልሻቸው ሣሮች ጥላ መሰሉኝ፤ ዓሦቹንም በፍለጋ ነበር የማገኛቸው። አምፖሉ አርጅቷል አልኩና በጠንካራ ቀየርኩት። እሱም ደከመብኝ፤ ሌላ ጨመርኩበት። እናትሽ ዓሦቹን ልትጠብሳቸው ነው ወይ ብላ ስትስቅብኝ ተቆጣኋት። ከጠዋት እስከ ማታ ሳበራው ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ቅጠሉ ሁሉ ልጋግ የመሰለ አልጌ ለበሰ። በየቀኑ መስታወት ስፍቅ፣ ባልዲ ስሸከም ወገቤ ተቆረጠ።

በመጨረሻ ዓሦቹን የሸጠልሽን ባለሱቅ ለምኜ ቤት አመጣሁት። ገንዳውን ሲያይ ራሱን ያዘ። የውሃ ውስጥ ተክል መብራት የሚመረጥለት ለቅጠሉ እንዲስማማ እንጂ ለእኛ እንዲደምቅ አይደለም አለኝ። ያንቺዎቹ ሣሮች ቀስ ብለው የሚያድጉ ስለሆኑ መካከለኛ ነጭ መብራት በቀን ለስምንት ሰዓት ቢበራ ይበቃቸዋል፤ ትርፉ የሚቀልበው ልጋጉን ነው። የድሮውን አምፖል መልሶ ሰካና ይኸው ጥሩ ነው አለ። እኔ ምንም አልታየኝም። ጨለማ ነው እኮ ስለው ጠጋ ብሎ ዓይኔን አየ። ከዚያ፣ «አባባ፣ መብራቱስ ደህና ነው፤ ዓይንዎን ይታዩ» አለኝ።

ታየሁ። ሁለቱንም ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሟ በቀዶ ጥገና ይገፈፋል፣ ቀላል ነው ብላ ቀን ሰጠችኝ። ለእሷ ቀላል ነው። እኔ ዓይኔ በስለት ሲነካ እያሰብኩ እህል አልወርድ አለኝ። ቀኑ ሲደርስ ሳልሄድ ቀረሁ፤ ለእናትሽም ሐኪሟ አራዘመችው ብዬ ዋሸሁ። በምስል ስትደውይ ስልኩ ተበላሽቷል የምልሽም ፊትሽ ጉም ስለሚሆንብኝ ነው። ልጄ፣ ፈርቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ፈርቻለሁ።

ዓሦችሽ በሕይወት አሉ፤ ውሃውም ጠርቷል ይሉኛል። እናትሽ አገላብጣ ትስምሻለች። ታናሽ ወንድምሽ ናፍቃኛለች በልልኝ ብሏል፤ ቃል የገባሽለትን ጫማም እንዳትረሺ። አክስትሽ ጉልበቷን እያሻሸች ትመርቅሻለች።

ሐኪም ቤቱ ለመጪው ወር መግቢያ ሌላ ቀጠሮ ይዞልኛል። ደውዪና ተቆጪኝ። «አባዬ፣ ሂድ» በይኝ። አንቺ ካልሽኝ እሄዳለሁ።

አባትሽ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ጥቅምት ፲፬ ቀን