የመጨረሻዋ ቱቦሽ

ውድ ሳሙኒት፣

የመጨረሻዋን ቱቦሽን ተጠቀምኩባት። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፈው። ከሌላ ሰው አፍ የምትሰሚ ብትሆኚማ ምን ነበረበት!

ከቀብርሽ በኋላ የላቦራቶሪውን ማቀዝቀዣ ስናይ፣ ያንቺ ፕሮቲን ካለባቸው ቱቦዎች የቀረችን እሷ ብቻ ነበረች። ሌላ እንሥራ ብለን ነበር። ግን ያን ፕሮቲን፣ ያን የሕዋስ በር፣ ከተተከለበት ቅባታም ሽፋን በሳሙና አባብሎ ማውጣት ያንቺ እጅ ነበር፤ ቅጽል ስምሽንም ያመጣብሽ እሱ ነው። እኛ ስንሞክረው እንደተበላሸ ወተት ተቋጥሮ ዘቀጠብን። ደግመን ብንሞክርም ያው ሆነ።

«ጋሽ ቀስበቀስ» ያልሻቸው አለቃችን ቱቦዋ ለክሪስታል ትሁን አሉ። እኔም የክሪስታል ሰው ነኝና ልቤ እዚያው ነበር። ክሪስታል ቢወጣልን የበሩ ቅርጽ ይታወቃል፣ በሚታተመው ጥናት ላይም ስምሽ ከሁላችን ቀድሞ ይጻፋል። ካልወጣ ግን ቱቦዋ ባከነች ማለት ነው። ደግሞ ለምደውበት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ፣ «የኛ እንቁላል እኮ እግር ሳያወጣ ጡረታ ሊወጣ ነው» ያልሽው ትዝ አለኝ። አሁን ተረቱን ሲተርቱ የሚመልስላቸው ሰው የለም።

ስንት ጊዜ ተነታርከናል! «አንቺ በሩን ፎቶ ልታነሺው ነው የምትፈልጊው፣ እኔ ሲከፈት ማየት ነው» ትይኝ ነበር። ሳሙናው ቀስ ብሎ ሲነሳ፣ ቅባቱ ተሰብስቦ ደቃቅ ከረጢት ሲሠራ፣ በሩም ከረጢቱ ላይ ቦታውን ይዞ ሲቀመጥ፣ ያ ነበር ምኞትሽ። ሳታዪው ቀረሽ። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

እናትሽ ጋውንሽንና ነጠላ ጫማሽን ሊወስዱ መጡ።

«ልጄ፣ እሷ ስትደክምበት የኖረችው የቱ ነው?» አሉኝ።

ቱቦዋን ከበረዶው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ዘወር አድርገው አዩዋት።

«ይሄ እኮ ውሃ ነው።»

«አይደለም እማማ፣ ውስጡ ፕሮቲን የሚባል…» ብዬ ላስረዳቸው ጀመርኩ።

«ተይው፣ አትጨነቂ። ትምህርቱ አይገባኝም። ሥራዋን በዓይኔ ባየው ብዬ ነው እንጂ» አሉ፤ ጋውንሽን አጣጥፈው ደረታቸው ላይ ይዘው ሄዱ።

እኔም በቀጥታ አለቃችን ቢሮ ገባሁ።

«ከረጢት ይሁን» አልኳቸው።

«ከረጢት ካደረግሽው ለክሪስታል አይመለስም፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«በአንድ ሙከራ ደግሞ ስሟን የምናወጣበት ጽሑፍ አይገኝም።»

«እናቷ የሚያዩት ነገር ግን ይገኛል።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት። «በይ ደውይላቸው» አሉ።

ደወልኩላቸው፤ መጡ። እናትሽ እያዩ ቱቦሽ ውስጥ ካለው ጋር ቅባቱንና የሚያበራውን ቀለም ቀላቀልኩ፤ ሳሙናውን የሚመጥጡትን ነጫጭ ዶቃዎች ጨመርኩ። ትከሻዬን ነካ አድርገው «አይዞሽ» አሉኝ። ማን ማንን እንደሚያጽናና እንኳ ጠፋን። ጠበቅን። ያ ውሃ የመሰለው ነገር ደፈረሰ።

«ወይኔ! ተበላሸ እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ሆነ! ከረጢቶቹ ናቸው እኮ። የእሷ በሮች እዚያ ላይ ተቀምጠዋል።»

«አይ የኔ ልጅ!» አሉ። ለእኔ ይሁን ለአንቺ አላወቅኩም።

የቀረው በሮቹ መሥራታቸው ነበር። ከተከፈቱ ጨው ይገባል፣ ከረጢቶቹ ውስጥ ያለው ቀለም ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ብርሃኑን የሚለካው ማሽን ስክሪን ላይ ያለው መስመርም ይወርዳል። ካልተከፈቱ መስመሩ ንቅንቅ አይልም። የጨው ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ወረደ! ሳሙኒት፣ ወረደ! ተከፈቱልሽ! እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አለቃችን በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

እናትሽ ግን አላለቀሱም። ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚሄደው?» አሉ።

«ጥቂት ደቂቃ ነው እማማ። ከዚያ መስመሩ ይተኛል፤ ያበቃል። ከፈለጉ ከዚያ በፊት ላጥፋልዎት።»

«አታጥፊው።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሐኪም ቤት ‹ውጪ ይጠብቁ› ብለውኝ ሳላያት ሄደችብኝ። ይሄኛው ሲያልቅ እንኳ አጠገቡ ልሁን።»

እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። መስመሩ እስኪተኛ ድረስ ሁለታችንም ዓይናችንን አልነቀልንም።

ከአጠገብሽ የምትቀመጠው ባልደረባሽ