አራተኛው ጥያቄና የቀሪዎች ስም

ሰበታ፣ ሰኞ ኅዳር 27፣ የሻይ ዕረፍት

ደብተሬ፣ ጣቴ ሁሉ ቀይ እስክሪብቶ ነው። የ10ኛ «ለ»ን እንግሊዝኛ እያረምኩ ነው። ምንባቡ ስለ ፍርሃት፦ ሰው ሲደነግጥ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ደሙ ወደ ጡንቻው ይሮጣል፣ ከዚያ ሰውነቱ ይረጋጋል። 4ኛ ጥያቄ፦ ጸሐፊው ሳይናገር እንደ እውነት የወሰደው ምንድን ነው? ስንቴ አስተማርኩ! ያልተጻፈውን ፈልጉ፣ እሱ ውሸት ከሆነ ሐሳቡ በሙሉ ይፈርሳል እላለሁ። እነሱ ምንባቡን ገልብጠው ይሰጡኛል። ሊያሳብዱኝ ነው። ጫልቱ ብቻ፣ ከተፍኪ የምትመላለሰው ዝምተኛዋ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፦ አደጋው እንደሚያልፍ ገምቷል። የመልስ ወረቀቱ የሚለው ግን «ሰውየው ጤነኛ እንደሆነ» ነው። ኤክስ አደረግኩባት።

ረቡዕ ኅዳር 29፣ ከሰዓት

ትናንት ተማሪው ዋና ከተማዋን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን ተቃውሞ ወጣ። ጩኸት፣ ጭስ፣ ተኩስ። መንገዱ ተዘጋ። ዛሬ ከአምሳ ስድስቱ የመጡት አሥራ አንድ። ጫልቱም የለች። በር በተገጨ ቁጥር እዘላለሁ፤ ልቤ ከትናንት ጀምሮ ወደ ቦታው አልተመለሰም። መቼ አለፈና ይመለሳል?

ያኔ ገባኝ። ልጅቷ ልክ ናት! ወረቀቷን ፈልጌ ኤክሱን ሰረዝኩ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ሐሙስ ኅዳር 30፣ ምሳ ሰዓት

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፎርም አደለን። የክፍል ኃላፊዎች ከማክሰኞ ጀምሮ የቀሩትን ስም ጽፈን፣ ፈርመን፣ ነገ ጠዋት እንድናስረክብ። ለምን? ለክትትል። ቢሮው ውስጥ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። እሱ ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። ደግ ሰው ነው፣ ልጆች አሉት፤ አሳዘነኝ። ስም መጥሪያውን አወጣሁና ጻፍኩ። እጄ ለምዶታል፣ ቀሪ በቀይ ነው። አርባ አምስት ስም፣ ጫልቱም መሃል ላይ። በአንድ ትንፋሽ።

ያው ሐሙስ፣ 10፡00

የጫልቱ አባት ኦቦ ቶለሳ በር ላይ አስጠሩኝ። «አካም ጅርቱ» ተባባልን፣ በእኔ ኦሮምኛ ትንሽ ሳቁ። ማስታወሻ ካለ ይዤላት ልሂድ ይላሉ፣ ከትምህርቱ ወደ ኋላ እንዳትቀር። እርሻቸው ላይ የቀያሾች ችካል ከተተከለ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ከቤት ንቅንቅ እንዳትይ ያሏት እሳቸው ናቸው። ስለ ፎርሙ ዘበኛው ነግሯቸዋል።

«ባርሲስቱ» ይሉኛል፣ አስተማሪዋ ለማለት። «እኔ ነኝ ያስቀረኋት። በእኔ ስም ጻፊው» አሉኝ።

ማስታወሻውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የልጃቸው ስም ያለበት ፎርም እዚያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

አርብ ታኅሣሥ 1፣ 2፡30

ፎርሙን ቀደድኩት።

ከአርባ አምስቱ ማን ሰልፍ ወጣ፣ ማን ታመመ፣ ማን መኪና አጣ፣ አላውቅም። አልጠየቅኩም። ፎርሙም አይጠይቅም፤ የቀረ ሁሉ አጥፍቷል ብሎ ጨርሶ ነው የመጣው። ደብተሬ፣ እኔ አስተማሪዋ እንዴት አላየሁትም? ድንጋይ የወረወረም ቢኖርባቸው አሳልፌ አልሰጥም፣ ልጆቼ ናቸው። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ምክትሉም በእኔ የተነሳ ይጠየቅ ይሆናል። ቢሆንም ሌላ ፎርም ለምኜ ወሰድኩ፣ ፈረምኩበት።

ከቢሮው እየጠሩኝ ነው። የቀሪዎቹ ቦታ ባዶ ነው፣ ከታች የእኔ ስምና ፊርማ ብቻ።