መቶ ሰባ ስምንት እርምጃ ከደጀ ሰላሙ

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ተገኘ
ድሬዳዋ

ጋሼ፥ እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንደምን ነው? ያ ባለፈው የጻፉልኝ፥ ፀሐይ ከገባች በኋላ እንኳ አልበርድ የሚለው ሙቀት ለቀቅ አደረገዎት? ሳሉስ? እትዬ ሙሉመቤት እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? ትንሹ ቆሞ መሄድ ጀመረ ወይስ አሁንም ይድሃል? እኛ በቸርነቱ አለን። ዘንድሮ ውርጩ ባቄላውን ቢመታውም ገብሱ ተርፎልናል። በጎቹም አልታመሙም። እናታችን ዐይናቸው እየደከመ ነው እንጂ ሌላ ሕመም የለባቸውም። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብላቸው ጨርሼ እንኳ ሳላጥፈው «ድገመው» ይሉኛል።

ደኅና ነን ብዬ ለመጻፍ ነበር የተቀመጥሁት። እውነቱን ልንገርዎት፤ ደኅና አይደለንም። የታመመ የለም። የሞተም የለም። የእህታችን የእታገኝ ጣሳ ወረደ።

ያውቁታል፤ ደጇ ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ ተደፍቶ፥ እዚህ ቤት ጠላ አለ እያለ ሰው ሲጠራ የኖረው ጣሳ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስቱን ልጆች ያሳደገችው በዚያ ጣሳ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ሰዎች መጥተው፥ እንጨቱን ነቅለው፥ ጣሳውን ከደጇ ድንጋይ ላይ አስቀምጠውላት ሄዱ። ቢወረውሩት ይሻል ነበር። አስተካክለው ነው ያስቀመጡት።

ይህን ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ከእኔ እንዲሰሙ ፈለግሁ። ሌላው ሰው «ቤቷን ያዘጋባት የገዛ ወንድሟ ነው» ይልዎታልና። ይህ ሐሰት አይደለም። እውነትም አይደለም። እስኪ ከመጀመሪያው ልንገርዎ፤ እርስዎ ይፍረዱ።

በታኅሣሥ፥ በገበያ ቀን፥ የማዘጋጃ ቤቱ ተላላኪ ጫኔ ከድንጋይ ላይ ወጥቶ የከተማውን ጉባኤ ውሳኔ አነበበ። መጠጥ የሚሸጥበትና ዘፈን የሚዘፈንበት ቤት ሁሉ ፈቃድ ያውጣ፤ ከቤተ ክርስቲያን በሁለት መቶ እርምጃ ውስጥ ያለ ቤት ግን ፈቃድ አያገኝም፤ ይዘጋል። ጫኔን ያስታውሱታል? ያ ቅልጥሙ ረጅሙ። ጌሾ ሻጮቹ ወዲያው ያዙት። «እርምጃው ያንተ ከሆነማ ደብረ ብርሃንም ከሁለት መቶው ውስጥ ገባች!» አለችው አንዷ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ውሳኔው መልካም ነው ብዬ ነበር። በቅዳሴ ሰዓት ሰክሮ የሚጮህ ሲሰማ የማያፍር ሰው የለም። ይህን አልደብቅዎትም።

ጉባኤው ርቀቱን የሚቆጥር የታመነ ሰው ይላክልን ብሎ ለደብሩ ጻፈ። አለቃ ወልደ አማኑኤል እኔን ላኩ። «ኃይለ ኢየሱስ የደብሩ ጸሐፊ ነው፤ ፊት አይቶ አያደላም» ብለው። ደስ አለኝ፥ ጋሼ። አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ፥ ከማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ከአፈወርቅ ጋራ ሄድሁ።

ከየት እንደምጀምር ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ከደጀ ሰላሙ ደረስን፤ እንደ ልማዴ መቃኑን ተሳለምሁ፤ ዞርሁ፤ አንድ ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ ሌላ ከየት ይጀመራል? እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምሩ ነበር? እዚህ አገር ጫማ የሚወልቀው እዚያ ነው። የረፈደበትም ሰው ከዚያው ቆሞ ያስቀድሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ ይላል እንጂ ደጅ ሳምሁ አይልም። አፈወርቅ ወረቀቱን ይዞ ከጎኔ ይሄዳል። አንዲት ቃል አልተናገረም።

እታገኝ ቤት ስደርስ ብቅል አስጥታ እያገላበጠች ነበር። ቀና ብላ «ኃይሌ፥ ስንት ሆንሁ?» አለችኝ።

መቶ ሰባ ስምንት አልኋት።

«ምነው አንተ፥ ለእህትህ ስትሆን እንኳ አጠር አጠር አድርገህ ብትራመድ!» አለችና ሳቀች። አፈወርቅም ሳቀ። ጻፈ። «ከቤተ ክርስቲያን እስከ ወይዘሮ እታገኝ ደጅ መቶ ሰባ ስምንት እርምጃ።» ብዕሩን ሰጠኝና ፈረምሁ። የበዕውቀቱን አዲስ ቤት እንቁጠር ስለው «እሱን በሌላ ቀን፤ ለዛሬ ይብቃን» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። እሺ አልሁ፥ ጋሼ።

በዕውቀቱን አያውቁትም። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ከራቤል የመጣ ነጋዴ ነው። የጉባኤው አባል ነው። ከደጀ ሰላሙ ማዶ፥ ከመንገዱ ዳር፥ ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ሆቴል ብሎታል፤ የጠርሙስ ቢራ፥ አረቄ፥ የሸክላ ማጫወቻ አለው። ከእታገኝ ቤት ይልቅ ለቤተ ክርስቲያኑ የሱ እንደሚቀርብ ዐይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ከጥምቀት በኋላ፥ ጥር ፲፫ ቀን ዓርብ፥ ጉባኤው የፈቃዱን ዝርዝር ለጠፈ። በዕውቀቱ፥ ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት እርምጃ፤ የመጠጥም የዘፈንም ፈቃድ ተሰጥቶታል። እታገኝ፥ መቶ ሰባ ስምንት፤ ይዘጋ።

ደጋግሜ አነበብሁት። የተሳሳትሁ መሰለኝ። ቁጥር እየቆጠርሁ ሐሳቤ ሌላ ዘንድ ሄዶ ይሆን? በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ፥ ዳዊት እየደገመ የሚዞር ሰው መስዬ፥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ ቆጠርሁ። የራሴ ቁጥር ያው ነው። ከደጀ ሰላሙ እስከ በዕውቀቱ ደጅ መቶ አርባ ሁለት። ወደ ውስጥ ተመለስሁና ከደጀ ሰላሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ቆጠርሁ። ሰባ አራት። ይደምሩት። ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት!

የሱን እኔ በሌለሁበት፥ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምረው ቆጠሩለት። ለሷ ቤተ ክርስቲያን ከቅጥሩ ይጀምራል፤ ለሱ ከመዝጊያው። የሷም እንደሱ ቢቆጠር ሁለት መቶ አምሳ ሁለት ይሆን ነበር። ጋሼ፥ ሌባ በጨለማ ይሰርቃል፤ እነዚህ በቀን፥ በማኅተም፥ የኔን ፊርማ ይዘው።

የሚገርምዎትን ልጨምርልዎት። ሰኞ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፥ ውሳኔው ከመለጠፉ በፊት የተጠመቀው የእታገኝ ጠላ፥ እንደየወሩ በሴቶች ጀርባ ታዝሎ፥ በደጀ ሰላሙ በኩል ሰንበቴ ቤት ገባ። ከቅጥሩ ውስጥ! አንድ እርምጃ እንኳ ሳይርቅ! የጉባኤው ሰዎች ተቀምጠው ጠጡት፤ ሰብሳቢው ደግመው አስቀዱ። ማክሰኞ ጠዋት እንጨቱን ነቀሉ።

ያን ዕለት ከጉባኤው ፊት ቀረብሁ። ሰብሳቢው «አቤቱታህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ሁለቱም ቤት ከአንድ ቦታ ይቆጠር፤ ሌላ የለኝም» አልሁ። በዕውቀቱ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከአባላቱ መካከል ተቀምጧል፤ ፊቱን እንኳ አላዞረም። አፈወርቅ ወረቀቱን አወጣ።

«ይህ ፊርማ የማነው?»

«የኔ ነው።»

«ከቤተ ክርስቲያን ነው የሚለው ከደጀ ሰላሙ?»

«ከቤተ ክርስቲያን ይላል። ከየት እንደጀመርሁ ግን አጠገቤ ሆነህ አይተሃል።»

«እኔ ያንተን እግር ልጠብቅ አልተላክሁም» አለ። አንዱ አባል ከወዲያ ሆኖ «የደብሩ ጸሐፊ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሚጀምር ጠፋው እኮ!» ቢል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሰብሳቢው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፥ የአቶ በዕውቀቱ በሕግ ተለክቶ አልቋል፤ የእህትህም አንተው ለክተህ ፈርመህበት አልቋል፤ የሷ ይለወጥ የምትል ከሆነ ተሳስቼ ቆጠርሁ፥ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ቤቱ ነው እንጂ ደጀ ሰላሙ አይደለም ብለህ ጻፍና ፈርም አሉኝ። ይግባኙም ወደ አውራጃው፥ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው በሠላሳ ቀን ውስጥ፥ በቤቱ ባለቤት ፊርማ ነው ተባለ። ቤቱ ከአባታችን ወዲህ በእርስዎ ስም ነውና።

ከዚያ ስወጣ አለቃ ዘንድ ሄድሁ። ይቆጡልኛል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጄ፥ ደጀ ሰላሙ ቤተ ክርስቲያን አይደለም የሚል ጽሑፍ ከኛ ጸሐፊ እጅ ከወጣ፥ ነገ ቅጥሩን እያፈረሰ ቤት የሚሠራውን በምን አፋችን እንመልሰዋለን? እንደዚያ የፈረመ እጅ ደግሞ የደብሩን መዝገብ አይዝም» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። ቢሆንም፥ በዕውቀቱ በዚያው ቃል ነው ፈቃድ ያገኘው፤ ስለሱ ለምን አይጽፉም ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ ጣራው አዩ። በዕውቀቱ ለጣራው ክዳን ቆርቆሮ ሊሰጥ ተስሏል አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ለምን እንደሳምሁ እስካሁን አላውቅም።

እታገኝ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት ስሄድ ባዶ ጋን ታጥን ነበር፤ ምን ልትጠምቅበት? በዕውቀቱ መጥቶ እንደነበር ነገረችኝ። ቆቡን አውልቆ፥ በትሕትና ቆሞ፥ «ሕዝቡ የሚወደው ያንቺን ጠላ ነው፤ ከኔ ጓዳ ጥመቂ፤ ደመወዝ እቆርጥልሻለሁ» አላት። ጣሳውን ከደጇ አወረዱና ሴትየዋን ለጓዳቸው ፈለጓት! እስከ ዛሬ ደጁን እጠብቃለሁ ስል የኖርሁት ለዚህ ኖሯል?

«ምን አልሽው?» አልኋት።

«አስብበታለሁ አልሁት» አለች።

ጋሼ፥ እታገኝን ያውቋታል። የአባታችንን መሬት ሊገፋ የመጣውን ሰው በዱላ ከማሳው ያስወጣች ናት። አስብበታለሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «አንተ ከደጁ ብትጀምር ትክክል ነህ፤ እኔም ከዚያው ነበር የምጀምር። እንዲያ ጻፍ ብዬ አልለምንህም» አለችኝ። አልለመነችኝም። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ሦስት ቀን ሁለት ወረቀት ጻፍሁ። አንደኛው ሁለቱም ቤት ከደጀ ሰላሙ ይቆጠር ይላል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ቢፈረድ ግን የበዕውቀቱ ይዘጋል እንጂ የእታገኝ አይከፈትም። ልቤ ይህን ነበር የፈለገው። ብቻ ልቤ የፈለገው ፍርድ ይሁን በቀል፥ እኔም ለይቼ አላወቅሁትም። የበዕውቀቱ ቤት ሲዘጋ በዐይነ ሕሊናዬ አየሁና ደስ አለኝ። ያኔ ፈራሁ። የዚያ ደስታ ዋጋ የእታገኝ ልጆች ራት ነው። እነሱ አልተጠየቁም። ወረቀቱን ቀደድሁት።

ሁለተኛውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። እኔ ኃይለ ኢየሱስ ከደጀ ሰላሙ ጀምሬ የቆጠርሁት በስሕተት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ቤቱ ነው፤ ከቤቱ በር ሲቆጠር የእታገኝ ደጅ ሁለት መቶ አምሳ ሁለት ነው ይላል። አልተሳሳትሁም፥ ጋሼ። እርስዎ ይወቁልኝ። የሚዋሸው ወረቀቱ ነው፤ እንዲዋሽ ያደረጉትም በሁለት ሚዛን የመዘኑት ናቸው። ነገ ቅጥሩ ቢደፈር የኔ ስም እንደሚጠራ አውቃለሁ። የደብሩን መዝገብ ትናንት ቆጥሬ ለአለቃ አስረክቤያለሁ፤ ሳይጠይቁኝ ተቀበሉኝ። ከእንግዲህ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍሁ እኖራለሁ።

ደብዳቤው እንደደረሰዎት ሳያድሩ ፈርመው ይላኩልኝ። ቀኑ እስከ የካቲት ፲፫ ነው። ደብረ ብርሃን ከሚመላለሰው የጭነት መኪና ሹፌር እጅ እቀበለዋለሁ። የኔ ፊርማ ከታች ገብቷል፤ ለእርስዎ ከበላዩ ቦታ ትቼልዎታለሁ።

እናታችን ጉንጭዎን ስሜያለሁ ይላሉ፤ የሆነውን ሁሉ አልነገርኋቸውም፤ ሲጽፉላቸው ስለ ጣሳው አያንሡባቸው። እታገኝ ሰላም ብላዎታለች፤ ልጆቿም አጎታችን መቼ ይመጣል ይላሉ። ለእትዬ ሙሉመቤት የከበረ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ የላኩልኝን ሹራብ ለብሼው ነው ይህን የምጽፈው። ትልቁን ልጅ ትምህርቱን እንዲበረታ፥ ሴቷን እናቷን እንድታግዝ ይንገሩልኝ፤ ትንሹን ግንባሩን ይሳሙልኝ። በመንደሩ ያሉ አገራችንን የሚያውቁ ሁሉ ሰላም ይሁኑ።

ታናሽ ወንድምዎ ኃይለ ኢየሱስ

ድንጋይ በር ኪዳነ ምሕረት፥ መንዝ
ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.