የአዴ ሸጊቱ መስኮት

ፀዲ፣ እንዴት ናችሁ? ድሬ መስኮት ዘግተን ብንሄድ ተቀቅለን ነው የምንወርደው፤ እዚህ አዲስ አበባ ዙሪያ ግን ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው እንደ ወንጀለኛ ይታያል።

ትናንት ከሰበታ ስንነሳ ረዳቱ አዴ ሸጊቱ የሚላቸው እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ደረታቸው ያፏጫል። «አስም አለብኝ፤ እባካችሁ አየር» ሲሉ ከኋላ ያለው ሰውዬ አዘነላቸውና ገርበብ ያለውን መስኮት ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። አዴ ሸጊቱ የአስም መድኃኒት ፓፋቸውን ሳቡና እንደምንም አስረዱ፦ «አስም ብቻ አይደለም እኮ። የማገዶ ጭስ የሳንባሽንም ቧንቧ አጥብቦታል፣ ሁለቱ ተደራርበውብሻል ብሎኛል ሐኪሙ።» ይህን ጊዜ ከፊት ያለችው ሴትዮ ደነገጠች። «ሁለት በሽታ ይዘው ነው እንዴ ንፋስ የሚፈልጉት!» ብላ የራሷንም መስኮት ዘጋች፤ ነጠላዋንም አውልቃ ደረበችላቸው።

ሁለቱንም መስኮት እኔ ከፈትኳቸው። እስከ ዓለም ገና ተሳፋሪው በሙሉ እየገላመጠኝ ሄድን፤ የእሳቸው ትንፋሽ ግን ረጋ አለ። ሲወርዱ መረቁኝና ዞር ብለው፣ «በል አሁን ዝጋው ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታህ» አሉኝ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ፤ ጠርዙ ላይ እየጻፍኩ ነው። አባትሽን ሳሉ ካልለቀቃቸው፣ የለመዱት አስም ነው ብላችሁ አትተዉት፤ በደንብ ይታዩ። ቤተሰቡን በሙሉ ሰላም በይልኝ።

እኔን ጉንፋን ይዞኛል። እዚህ ለማንም አልተናገርኩም።

እስራኤል