ፍሪዘሩ ስንት ይይዛል?

ከሚሴ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሳቢራ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ነሽ? የጅዳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ግራ ገብቶኛል። በስልክ እንዳልነግርሽ ወሬያችን ሞቅ ሲል ማዳምሽ ትጠራሻለች። ስለዚህ ወደዚያው ለምትመለሰው ለጓደኛሽ ለዙቤይዳ ይህን ደብዳቤ ሰጥቻታለሁ።

የላክሽልን ፍሪዘር ከአረፋ በፊት በአይሱዙ መጥቶ በሰላም ገብቷል። ያን ጊዜ «አባ፣ ስንት ኪሎ ሥጋ ይይዛል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ስልኩ ተዘጋ። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰንበቴ ገበያ ከብት ስነግድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በሬውን ከኋላው አይቼ ሥጋውን እነግርሻለሁ። ፍሪዘሩን ግን ከፊትም ከኋላም ባየው ምንም አልነገረኝም። ጀርባው ላይ «200 ሊትር» ይላል። ሊትር የዘይት ነው፣ የወተት ነው፤ ሥጋ በሊትር ሲለካ ማን አይቷል?

እናትሽ «በጀሪካን አስበው» አለችኝ። አሰብኩት፤ አሥር ጀሪካን ሆነ። አንድ ጀሪካን ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ እንግዲያው ሁለት መቶ ኪሎ ይይዛል፣ በሬው ከነአጥንቱ ይገባል ብዬ ለሰፈሩ አወራሁ። ፍሪጅ የሚጠግነው ኢርፋን ሰምቶ መጣና ሳቀብኝ።

«አያ ሸምሱ፣ ሥጋ እኮ እንደ ውሃ ጥግ ድረስ አይሞላም። አጥንቱ ክፍተት ይተዋል፤ ብርዱም መተላለፊያ ይፈልጋል። ግማሹን፣ መቶ ኪሎ በል።»

መቶውንም አልጠላሁም። ደህና በሬ ገዝቼ አረፋ ዕለት ከሰላት መልስ አረድነው። ሥጋውን ወደ ፍሪዘሩ ማጋዝ ስጀምር እናትሽ በሩ ላይ ቆመችብኝ።

«ያ ረቢ፣ ይሄ ሰውዬ ሊያሰድበኝ ነው። የሚስኪኑን ሐቅ ልትቆልፍበት ነው? የጎረቤቱንስ?»

ልጄ፣ በየዓመቱ የዕርዱን ሥጋ ሦስት ቦታ ስመድብ የኖርኩት ሰውዬ የቤቱ ድርሻ ሲሶው ብቻ መሆኑን ረስቼው ነበር። ያን ሁሉ ሒሳብ የሠራሁት በሰው ሐቅ ላይ ነው። አፈርኩ። ለሚስኪኑም ለጎረቤቱም አካፍለን ስንጨርስ የኛ ሲሶ ገባ፤ ፍሪዘሩ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ክዳኑን ከፍቼ ባዶውን ቦታ ሳይ ደግሞ ሌላ ነገር ግራ አጋባኝ። ረመዳን ላይ «ለአረፋ እመጣለሁ» ብለሽን ነበር። ፍሪዘሩ መጣ፤ አንቺ ቀረሽ። የሚመጣ ሰው ትኩሱን ነው የሚበላው፤ ስንት ይይዛል ብሎ መጠየቅ ምን ያደርግለታል? ዙቤይዳም ስለ ኮንትራትሽ አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀምራ እናትሽ ስትገባ ወሬዋን ቀየረች። እኔም መልሼ አልጠየቅኳትም፤ መስማቱን ፈራሁ።

እናትሽ ያንቺን ድርሻ፣ የምትወጂውን ጎድን፣ በላስቲክ ጠቅልላ ከሥር አስቀምጣለች። መብራት በሄደ ቁጥር ጋቢዬን ወስዳ ፍሪዘሩን ታለብሰዋለች፤ እኔ ያለ ጋቢ መስጊድ እሄዳለሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ዮም ዱፍቲ?» ትለኛለች። መቼ ትመጣለች ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ኢርፋን ሥጋው ብዙ ወር ይቆያል ብሏል» እላታለሁ።

ናፍቀሽኛል ልጄ። እውነቱን ብትነግሪኝ አልቆጣሽም። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የደግ ሰው እጅ ላይ ይጣልሽ፣ ጤናሽን ሳያጎድል ከእናትሽ ደጃፍ ያድርስሽ።

ፍሪዘሩ ስንት እንደሚይዝ አሁን ደርሼበታለሁ። እስከ መቼ መያዝ እንዳለበት ግን ካንቺ በቀር የሚነግረኝ የለም።

አባትሽ ሸምሱ