ለአማቴ የላክሁት ሽማግሌ

ቆሰበር፣ ሰኔ 3 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለተከበሩት አማቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎ? ላሚቱ ወለደች? ዶሮዎችዎንስ ያ የጎረቤት ውሻ ተዋቸው? እኛ ዝናቡን ካልቆጠርነው ደህና ነን። ልጅዎ ወርቅአየሁ ታለቅሳለች እንጂ አልታመመችም። የልጅ ልጅዎ በቀለች መሮጥ ጀምራለች፤ ሮጣ ሮጣ መቀመጫዋ ጭቃ ነው።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃኝ፣ ምክንያቱም ብዕር ያነሣሁት ሰላም ልልዎ ሳይሆን ተናድጄ ነው። ደብዳቤውን እንደ ወትሮው የጎረቤትዎ ልጅ ሙሉነሽ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። ተማሪ ናትና ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በሩን ከፍታ ነው የምታነበው፤ ግማሹ ሰፈር እንደሚያዳምጥም አውቃለሁ። ያዳምጥ። ሙሉነሽ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላቸው፤ የቁጣውንም ቦታ አታለስልሺው።

እናቴ፣ እስቲ ይፍረዱኝ። አምና በፋሲካ ዳንግላ መጥተን፣ አባታችን ካረፉ ወዲህ ብቻዎን ነዎት፣ ቆሰበር ከእኛ ዘንድ ይምጡ ብዬ ስለምንዎ ምን አሉኝ? ጨዋ ሴት በአማች ቤት አታረጅም አሉኝ። ያማች እንጀራ አይዋጥልኝም አሉኝ። ሰው ጠርቶኝ ሳይሆን ችግር ገፍቶኝ የገባሁ ይመስላል አሉኝ። እኔም ነገሩን ይዤ ተመለስሁና አሰብሁበት። ሴት ልጅ ስትፈለግ ሽማግሌ ይላካል። እናት ስትፈለግ ምን እንደሚላክ ግን የነገረኝ ሰው የለም። ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ።

ማንን እንደላክሁም ያውቃሉ። ቄስ ውዱን፣ አያ ዓለምነውንና ጨርቅ ነጋዴውን ጠሃን ነው። በጠሃ የጨርቅ ጭነት ላይ ተቀምጠው፣ በጭነት መኪና ሲንገላቱ ሄደው፣ ቤትዎ ገብተው እንደ ወጉ ቆመው፣ ለጉዳይ ነው የመጣነው ቢሉዎ፣ አስቀመጡና ጠላ ቀዱላቸው። ከዚያ በኋላ የሰጧቸውን መልስ እስከ ዛሬ እየደጋገሙ ይስቁበታል። “ነገራችሁን ሰምቻለሁ። ዘመድ ላማክርና ደግማችሁ ስትመጡ መልሱን እነግራችኋለሁ” አሏቸው። እናቴ፣ ይህ እኮ ወርቅአየሁን ለጋብቻ በጠየቅሁ ጊዜ የመለሱልኝ ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ለመሆኑ የትኛውን ዘመድ ነው የሚያማክሩት? ያለነው ዘመድ እኛው ነን።

ቆሰበር ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ሰው ሲያስነጥስ ከወዲያኛው ዳር ይማርህ ይባላል። ሽማግሌዎቹ በተመለሱ ማግሥት “አናጢው አማቱን አጨ” ተባለ። ጠጅ ቤት ስገባ ሠርጉ መቼ ነው ይሉኛል። ይሁን ብዬ ተሸከምሁት።

ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሲሄዱ እርስዎ የጥሎሽ ያህል ጠየቁኝ። የራሴ ቤት፣ የራሴ ምድጃ፣ ከአማቼ በር ጋር ፊት ለፊት የማይተያይ በር አሉ። ደስ አለኝ፤ ቤት መሥራት እችልበታለሁና። የሰው ሥራ አቆይቼ፣ አልጋና ሣጥን ያዘዙኝን ሰዎች አስኮርፌ፣ ከቤቴ ጓሮ ቤት ሠራሁልዎ። በሩን ወደ ምሥራቅ አዞርሁት። የራሴ ጣራ ሣር ሆኖ ሳለ የእርስዎን ቆርቆሮ አለበስሁት። ማን አማቱን ቆርቆሮ ያለብሳል? መጥቶ ያላየ ሰው አልነበረም።

እርስዎ ግን ቆርቆሮ መሆኑን ሲሰሙ በጠሃ በኩል ምን ላኩብኝ? ዝናብ ሲወርድበት ይጮኻል፤ በደጅ የሚመጣውን ሰው ኮቴ አያሰማኝም፤ አልገባበትም። ዝናብ ሲወርድ እኮ ቆሰበር ላይ በደጅ የሚመጣ ሰው የለም። ቢሆንም ቆርቆሮውን ነቅዬ ሣር ከደንሁት። ቆርቆሮው አሁን ከግድግዳ ተደግፎ ይዝጋል። የሰፈሩ ሰው አናጢው አበደ ብሎ ደመደመ።

በሦስተኛው ደግሞ ጭቃውንና ዝናቡን አነሡ። እዚያ አገር ልብስ አይደርቅም፣ እንጨት አይነድም፣ ፀሐይ እንግዳ ናት አሏቸው። ዝናቡን አልክድም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ እኛ ላይ ተቀምጦ ይከርማል። ግን ዳንግላስ መቼ በረሃ ሆነች? ክረምት ላይ ጋሪ ገበያው መካከል ተቀርቅሮ፣ ፈረሱ ሲገረፍ፣ ባለጋሪው ሲሳደብ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ዝናብ እርግማን ብቻ አይደለም። ለቤትዎ አጥር ብዬ የቸከልሁት እንጨት ሥር ሰድዶ ቅጠል አውጥቷል። ሣሩን ላሚቱ ብታይ ወደ ዳንግላ አትመለስም ነበር። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ተራራው ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ማሩ ነጭ ነው፣ ድንቹ ፍርፍር የሚል ነው። ሙሉነሽ፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ለዚህ ሁሉ የሰጡት መልስ “የዳንግላን መሬት እግሬ ያውቀዋል፤ የቆሰበርን አያውቀውም” የሚል ነው። ሽማግሌዎቹ አገር ወዳድ ሴት ናት ብለው አደነቁ። ልጅዎ ግን ቃሉን ስትሰማ አለቀሰች። ጠሃ ደግሞ ሳያስበው፣ ድስት ሲያወጡ እጅዎን እሳት እንደበላዎ ነገራት። ከዚያች ቀን ወዲህ ቤቴ ቤት አይደለም። “እሷ ካልመጣች እኔ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ ወንዞቹ ሳይሞሉ” ብላ ልብሷን በነጠላ ቋጥራለች። ቋጠሮው ከአልጋው ራስጌ ተቀምጧል፤ ስተኛ አየዋለሁ፣ ስነሣ አየዋለሁ። ሚስቴን ልጣ ወይስ አማቴን ላምጣ? እንግዲህ ነገሩ እዚህ ደርሷል።

በዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ አራተኛ አንሄድም ብለው አረፉት። ተቀይመዋል። ቄስ ውዱ መስቀላቸውን ቢዘረጉልዎ፣ ከመስቀሉ ገሸሽ ብለው ከጎኑ ተሳለሙ ይላሉ፤ አዋረደችኝ ባይ ናቸው። አያ ዓለምነው ደግሞ የዚያኑ ዕለት ገበያ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ቆሞ፣ እሷው ሰላም ትበለኝ ብሎ ዝም ቢል፣ ልብሱን ታክከው አለፉት። የጠሃማ ይባስ። ቀይ ሻሽ ገጸ በረከት ይዞልዎ ቢመጣ ተቀብለው፣ “ንጣቱ እንዴት ያምራል፣ እጅህ ይባረክ” አሉት። ስታሾፍብኝ ነው ብሎ መንገዱን ሙሉ ሲብሰለሰል መጣ። አያ ዓለምነውም፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ሦስቱም ደጄ ተቀምጠው፣ አንዱ የአንዱን እያነሣ ሲናገር እኔ እንጨት እየላግሁ አዳምጥ ነበር። ሲጨርሱ ምን አልኋቸው መሰለዎ? “ድሮም ኩሩ ናት፤ ባለ ዘውድ ቢመጣ አንገቷን አታዞርም” አልኋቸው። አማቴን አማሁዎት። እነሱም እውነት ነው ብለው አምነው፣ ተጽናንተው ሄዱ። ሐሜቱ እንዲያ ሆኖ ቢቀር ይሻላል ብዬ ነው፤ ሰው ኩሩ ናት ቢል ምን ይጎዳዎታል?

ከሄዱ በኋላ ግን እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። ያ ፋሲካ መጣብኝ። በቀለችን ስንሰጥዎ በጉልበትዎ አስቀምጠው፣ ፊቷን በሁለት እጅዎ ከግንባሯ እስከ አገጯ ቀስ አድርገው ዳስሰው፣ ማንን ትመስላለች ብለው ጠየቁን። ወርቅአየሁ ስቃ ቁርጥ አንቺን አለችዎ። እርስዎ ግን አልሳቁም፤ ጣትዎ ቅንድቧ ላይ ቆየ። እኔ ያን ጊዜ ጠላዬን እየጠጣሁ፣ አያት ናት፣ ናፍቋት ነው ብዬ አለፍሁት።

ቁጣዬ ግን በረደ እንዳይመስልዎ። እንዲያውም ባሰብኝ። አሁን የተቆጣሁት በሌላ ነገር ነው። ለልጅ የማይነገር ነገር አለ፣ ልጅ ታለቅሳለች፤ ይገባኛል። ለጎረቤትም የማይነገር አለ። ለአናጢ ግን ይነገራል፤ አናጢ የሚጠየቀው ልክ ብቻ ነው። ገና ከጅምሩ በጆሮዬ ሹክ ቢሉኝ እኔ ቆርቆሮ ምን አስገዛኝ? ሦስት ጨዋ ሰዎችስ ለምን ዳንግላና ቆሰበር ይመላለሱ ነበር?

ስለዚህ ሰሞኑን ማንንም ሳላማክር ሌላ ሥራ ሠርቻለሁ። ከበርዎ ጀምሮ እስከ እኛ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤቱ እስከ ጓሮ፣ በወዲህ በኩል ደግሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ድረስ፣ ቅጥሩ ከእኛ ቅርብ ነው፣ የቀርከሃ መደገፊያ ዘርግቻለሁ። ቁመቱ ለእጅዎ ልክ ነው፤ ወርቅአየሁን አቁሜ፣ እርስዎ ከእሷ ምን ያህል እንደሚያጥሩ ጠይቄ ነው የለካሁት። ስንጥር እንዳይወጋዎ በአሸዋ ፈትጌዋለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚታጠፈው ላይ ቃጫ ጠምጥሜበታለሁ፤ ወደ ማድ ቤት የሚሄደው ልሙጥ ነው። በቤትዎ ውስጥም አልጋው፣ ምድጃውና እንስራው ዳንግላ ቤትዎ ውስጥ ባሉበት አኳኋን ነው የተቀመጡት። ወርቅአየሁ በቃሏ ነግራኝ ነው፤ ለምን እንደጠየቅኋት ግን አልገባትም።

የሰፈሩ ሰው ይህ ምንድን ነው ሲለኝ፣ የቆሰበር ጭቃ ጎረምሳውንም ይጥላል፣ ለጭቃው ነው አልሁት። ልጅዎም የምታውቀው ይህንኑ ነው። ትናንት ምሽት ሰማዩ ጥቁር ባለበት፣ ኩራዝ ሳልይዝ፣ መደገፊያውን ብቻ ይዤ ከበርዎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁበት። አንድ ቦታ ላይ ወደቅሁ። ዛሬ ጠዋት እዚያ ቦታ ድንጋይ አነጠፍሁ፤ አመሻሹ ላይ ደግሞ ሄድሁበት፣ አልወደቅሁም።

የአባታችንን መቃብር ነገር አልረሳሁም። ለተዝካራቸውም ለዓመት በዓሉም እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ፤ መኪናው ከሸተትዎ በበቅሎ፣ ልጓሙን እኔ ይዤ። ዶሮዎቹን በቅርጫት እንጭናቸዋለን። ላሚቱን አያ ዓለምነው ይነዳታል፤ ቂሙን ይረሳል፣ ወተት ሲጠጣ።

እንግዲህ ሽማግሌ አልልክም። በመጪው ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ። ከበርዎ ስደርስ ስሜን ጠርቼ፣ እኔ ነኝ ብዬ እገባለሁ፤ ከእንግዲህም ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው የምገባው፣ ወርቅአየሁንም በዘዴ አስለምዳታለሁ። ከተቀመጡበት እንዳይነሡ። ሊነግሩኝ የሚፈልጉት ነገር ካለ ሙሉነሽ ወደ ቤቷ ስትሄድ ይንገሩኝ። ካልፈለጉም አይንገሩኝ፤ እኔ አልጠይቅም። እጅዎን ብቻ ይስጡኝ።

እስከዚያው የዳንግላዋ ማርያም ትጠብቅዎ፤ እሳት ከእጅዎ፣ ድንጋይ ከእግርዎ ይራቅ። ወንዝ ሳይሞላ በአንድ ጣራ ሥር ያድርገን፤ ይቅርታ፣ እርስዎ ባሉት መሠረት በሁለት ጣራ ሥር።

አማችዎ ማለቱን ለሽማግሌዎቹ ትቻለሁ፤
ልጅዎ