ሁሌ በማግስቱ የምትመጣዋ መርማሪ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ በዚህ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ኪኒንሽን ምግብ ቀምሰሽ እንደምትውጪ፣ ደረጃውንም እንደ ልጅ እየዘለልሽ እንደማትወርጂ ተስፋ አደርጋለሁ። ሊድስ ላይ በረዶ ጣለ ሲሉ በዜና ሰምቼ የደጃፍሽ ድንጋይ ታየኝ፤ ጨው አስነስንሺበት። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ መቼም በቤታችን ደንብ እግሩ የተቆረጠ ሰው እንኳ "ደህና ነኝ፣ ምን እላለሁ" ነው የሚለው። እኔ ግን ዛሬ ደህና አይደለሁም። ከእሑድ ማታ ጀምሮ ክው እንዳልኩ ነኝ። ሻይ አፈላለሁ፣ መጠጣቱን እረሳዋለሁ።

ስልክ ያልደወልኩልሽ ሆን ብዬ ነው። በስልክ ቢሆን ገና አፌን ስከፍት ስለ አየሩ አውርተሽልኝ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ "በይ ዝናብ መጣ፣ ልብሴን ላስገባ" ብለሽ አታቋርጪውም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

የሮዊናን ድራማ አይተሽዋል? መቼም የገዛ ልጅሽ ጽፋው ሳታይው አትቀሪም። አይተሽው ዝም ካልሽ ደግሞ አንጀትሽ ብረት ነው።

እንደምታውቂው እሑድ ማታ ጎረቤቴ ግሌኒስ ብስኩቷን ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ሻዩን አቀርባለሁ፣ ከዚያ ሁለታችን የእሑዱን የወንጀል ምርመራ ድራማ ከፍተን ሬሳው እስኪገኝ እንጠብቃለን። ግሌኒስ ገና ሬሳው ሳይነሳ "ቄሱ ነው!" ትላለች። ለእሷ ሁሌም ገዳዩ ቄሱ ነው። "ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ እዚህኛው ላይ ቄስ የለም" ስላት፣ "ቆይ፣ ይመጣል" ትለኛለች። የግሌኒስ ልጅ "እናንተ ባልቴቶች፣ ግድያ እያያችሁ መሳቅ ምን ይባላል?" እያለች ትሰድበናለች። ግድያው መች ሆነና። እኛን የምትስበን መርማሪዋ ናት። ከሌላ አገር በሚመጣው ፊልም ሴት መርማሪ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጋ ሌባ ታሯሩጣለች፣ ፀጉሯን ንፋስ አይነካውም። የእኛዎቹ ወገባቸው ወፍሯል፣ ካፖርታቸው ተጨማዷል፣ ደረጃ ሲወጡ ያለከልካሉ፣ መኪናቸው ውስጥ የትናንት ሳንድዊች አለ። ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም፤ ስለማያያቸውም ሰው ሁሉ እነሱ ፊት የሆዱን ይዘከዝካል። እኛ ዕድሜ ከተጫነን በኋላ ሱቅ ውስጥ ሰው እንደ ወንበር ዞሮን ሲያልፍ ለምደነው የለ? እሑድ ማታ ያቺው ማንም ያላያት ሴት ትመጣና ጉዳቸውን ታወጣዋለች። ያኔ አንጀታችን ቅቤ ይጠጣል።

እናልሽ እሑድ የሮዊና ስም ሲወጣ ግሌኒስ አጨበጨበች፣ የእኔም ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ መርማሪዋ ማቪስ ብሪግስ ከመኪናዋ ወርዳ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘች መጣች።

እህቴ፣ ካፖርቷ የላይኛው ቁልፍ በቦታው የለም፤ በመርፌ ቁልፍ ነው የተያዘው። መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ ጠረገች። የሞተችውን ልጅ ገና ከማየቷ "ይቅርታ የኔ አበባ፣ ትንሽ ላስቸግርሽ ነው" አለቻት። ማታ ቤቷ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ከጠርሙስ ውስጥ ቀይ ሥር በሹካ እያወጣች ቆማ በላች። ግሌኒስ ቴሌቪዥኑን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። ቀጥላ በሩ ላይ የተሰቀለውን፣ እንደዚያው በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን ካፖርቴን አየች። ጨዋ ሴት ስለሆነች "ብስኩት ልጨምርልሽ?" አለችኝ።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ይቺ ልጅ አገር ፊት አዋረደችኝ አልኩ። እንደ ዳክዬ ነው እንዴ የምራመደው? በማግስቱ ሥጋ ቤት ስገባ ሰልፉ በሙሉ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ሁሉም በአንድ አፍ "ዛሬስ ፀሐይ ወጣችልን" ይሉኝ ጀመር። ፀሐይ አልወጣችም ነበር። ሥጋ ሻጩ ኖርማን ሳልጠይቀው ሁለት ቋሊማ ጨመረልኝ፣ ቀና ብሎም አላየኝም።

እንዲህ ያለው ውርደት ያልፋል፣ አንድ ሳምንት ሰው ያወራል፣ ከዚያ ሌላ ይገኛል። እኔን ያደረቀኝ ሌላ ነው። መሃል ላይ ማቪስ አንድ ተጠርጣሪ ስትመረምር ቆይታ ለረዳቷ እንዲህ አለችው፦ "ሰው አንዴ ቢቀር ችግር ገጥሞት ነው። ሁልጊዜ ከቀረ ግን ሌላ ቦታ ቀጠሮ አለው።" ግሌኒስ "ልክ ናት!" አለች። እኔ ምንም አልመሰለኝም።

ገዳዩ ተያዘ፤ የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ግሌኒስ አኮረፈች። አለቀ ብዬ ልነሳ ስል ማቪስ መኪናዋን ባሕር ዳር አቆመች። ዝናብ ነው። በወረቀት የተጠቀለለ ድንች ጥብስ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ኮምጣጤ ብቻ አድርጋ ትበላለች። እህቷ ደወለችላት፦ "የት ነሽ አንቺ? የልጅቷ ልደት እኮ ነው፣ ኬኩ ሊቆረስ ነው!" ማቪስ "ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ነገ እመጣለሁ፣ ሳሚልኝ" አለቻት። ስልኩን ዘግታ ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አንዲት ትንሽዬ ኬክ አነሳች። ሻማዋን ለኮሰች። እፍ አላለችውም፤ ራሱ ነድዶ እስኪያልቅ አየችው።

ሻማውን፣ እህቴ! ስለ ሻማው ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺም ቢሆን። አንቺ የምታውቂው ለሮዊና ልደት ሁሌ በማግስቱ እንደምመጣ ብቻ ነው፤ አንዱን ዓመት ተረኛ ነኝ፣ አንዱን ዓመት ራሴን አሞኝ፣ አንዱን ዓመት መኪናዬ ተበላሽቶብኝ። እኔ ሞኝ፣ ሰበብ በየዓመቱ ስቀያይር ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰበብ ይዤ ብጸና ይሻለኝ ኖሯል። ግሌኒስ "ምን ሆነሽ ነው ነጭ የሆንሽው?" ስትለኝ ብርድ ነው አልኳት፤ ተነስታ ማሞቂያውን ከፈተችልኝ።

ሰኞ ዕለት ሮዊና ደወለች። "አክስቴ፣ አየሽው?" አለችኝ። "አየሁት የኔ ቆንጆ፣ ጥሩ ነው፤ ብቻ ሴትዮዋ ፀጉሯን ብታበጥር ምን ነበረበት?" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። "እነሱም ያሉኝ ይሄንኑ ነው" አለች። ለካ የቴሌቪዥኑ ሰዎች ቀጠን ያለች፣ ወጣት፣ የምታምር መርማሪ ይፈልጉ ኖሯል። "ይቺን ማን ያያታል?" ብለዋታል። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳያት ኖሬያለሁ አልኳቸው" አለችኝ።

ከዚያ፣ "አክስቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የአባዬን መኪና ተውሼ መጥቼልሽ ነበር" አለች። "ተረኛ ነኝ ብለሽ ስለነበር ሳታስቢው ላስደስትሽ ብዬ። የምትሠሪበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ስደርስ ዛሬ እረፍቷ ነው አሉኝ። ወደ ቤትሽ ስዞር መኪናሽን ባሕሩ ዳር አየኋት። ሻማው ሲበራም አየሁ። መስታወቱን ላንኳኳ እጄን አንስቼ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አላንኳኳሽም?" አልኳት።

"ነውር መሰለኝ" አለች።

ሠላሳ ዓመት፣ እህቴ! ሠላሳ ዓመት ይህን ሆዷ ውስጥ ይዛ በየገናው "አክስቴ፣ ድንች ላቀብልሽ?" ስትለኝ ኖራለች። በእውነት የቤታችን ልጅ ናት። ቀጥላ ምን አለችኝ መሰለሽ? "የመጨረሻውን ክፍል መጻፍ አቅቶኛል። ልጅቷ አድጋ ማቪስ ቤት ትመጣለች፣ ታንኳኳለች፣ ትጠይቃታለች። ማቪስ ምን እንደምትመልስላት አላውቅም። ቅዳሜ ልምጣ?" ድስት ገነፈለብኝ ብዬ ዘጋሁባት። ምድጃው ላይ ድስት አልነበረም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን የምጽፈውን አትቆጪኝ። ያን ክረምት እኔ "ለሳንባዬ" ተብሎ ስኮትላንድ አክስታችን ዘንድ ከርሜ ስመለስ፣ እናታችን ሁለታችንን ማድ ቤት አስቀምጣ ያስማለችንን አልረሳሽም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አንቺ አግብተሽ የራስሽ ቤት ነበረሽ፤ ሕፃኗም ያንቺ ልጅ ተባለች። እናታችን የጎረቤት ዓይን ፈርታ ነው፣ አልፈርድባትም፤ እሷም ባልሽ ደሬክም ነፍሳቸውን ይማር። እኔ መሐላዬን አላፈረስኩም። አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ለካ ሰው ሳይመጣ በሚቀርበትም ቦታ ይናገራል።

የምትፈሪውን አውቃለሁ። ኩፍኝ ሲይዛት ሌሊቱን አቅፈሽ ያነጋሽው አንቺ ነሽ። ብስክሌት ስትማር ከኋላ የሮጠው ደሬክ ነው። "እማዬ" ብላ የምትጠራው አንቺን ነው፣ ዕድሜሽን ሙሉም አንቺኑ ትጥራ። ያን ስም ልነጥቅሽ ብነሳ እጄ ይቆረጥ። ነገር ግን ደጄ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን እያየች ከጠየቀችኝ አልዋሻትም። አልችልም፣ ሰበቤ አልቋል። ስለዚህ ከእኔ በፊት አንቺ ንገሪያት፣ በራስሽ ጠረጴዛ፣ በራስሽ አንደበት። እሱ ከከበደሽም አብረሻት ነይ፤ ሁለታችን ጎን ለጎን ሆነን እንስማት። ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣ። ዝም ከምትል ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ከድንጋጤው ሥር ሌላም አለ። እኔ እስከ እሑድ ድረስ ማንም የማያየኝ ሴት ነበርኩ፤ አልከፋኝም፣ ለምጄው ነበር። ለካ አንድ ሰው ቁልፌን ሳይቀር እያየ ኖሯል። ይህን ሳስብ እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ ይመጣል።

ዛሬ ጠዋት መልሼ ደወልኩላትና ነይ አልኳት። ቅዳሜ ምን ቀን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ይህን ሁሉ ዘመን ኬኩን ስትጋግሪ የኖርሽው አንቺ ነሽ። ዘንድሮ ተረኛ አይደለሁም፣ ራሴን አላመመኝም፣ መኪናዬም አልተበላሸብኝም። ቤቴ ነኝ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልብሽንም ያረጋጋልሽ፤ በሰላም ያገናኘን። ደጃፍሽን ጨው አድርጊበት፣ አደራ።

ሁልጊዜም ታናሽ እህትሽ፣
እስከ ቅዳሜ ደግሞ የሮዊና አክስት